ቦይለር፣ ምጣድ፣ ኮርኒስ፦ የአዳማ ቤታችንን ፍጆታ እስካሁን እንዴት እንደገመትኩ

የዚህ ወር የቆጣሪ ንባባችን ካለፈው ወር በ30 ምናምን ኪሎዋት ሰዓት ወርዷል፤ ምንም ሳልገዛ፣ ምንም ሳላስገጥም። ደስ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

አጀማመሬ እንደ ማንኛችሁም በአምፖል ነው። 60 ዋቱን አውጥቶ 9 ዋት ኤልኢዲ መክተት፣ ልዩነቱን በሚበራበት ሰዓት ማባዛት፣ ለ1000 ማካፈል። በቀን 5 ሰዓት የሚበራ አንድ አምፖል በወር ከ7 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያተርፋል። ይህን የማያውቅ ስለሌለ አልፈዋለሁ።

የማንስማማው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ዕቃው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ዋት ያነብና በሰዓት አባዝቶ ይጨርሳል። እኔ በዚህ ዘዴ አላምንም። ፍሪጅ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ቢውልም ሞተሩ የሚሠራው እየተነሳ እየጠፋ ነው። የምጣዱም 3500 ዋት ልክ የሚሆነው 220 ቮልት ሲገባለት ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ራት ሲሠራ ቮልቱ ወደ 190 ከወረደ ምጣዱ የሚስበው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው፤ የማሞቂያ ሽቦ ጉልበት የሚቀንሰው በቮልቱ ካሬ ልክ ነዋ። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል በሊጡ ከሚሳበበው ጥፋት ከፊሉ የቮልቱ ነው እላለሁ።

ስለዚህ የምተማመነው በቆጣሪው ብቻ ነው። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ 1000 ወይም 1600 ወይም ሌላ ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ የሚናገር ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፉና የምትለኩትን ብቻ አብሩ። ከአንዱ ብልጭታ እስከ ቀጣዩ ያለውን ሰከንድ በስልካችሁ ያዙ። 3,600,000ን በዚያ ቁጥር፣ ከዚያም በሰከንዱ ስታካፍሉ ዋቱ ይመጣል። የእኛ 1600 ስለሆነ 2250ን በሰከንዱ ማካፈል ይበቃኛል። የፍሪጃችን ሞተር ሲነሳ መብራቷ በየ18 ሰከንዱ ትበራለች፣ 125 ዋት ማለት ነው። ሁሉም ነገር «ጠፍቶ» ዋይፋዩና በሪሞት የተዘጋው ቴሌቪዥን ብቻ ሲቀሩ በየሁለት ደቂቃ ተኩሉ አንድ ጊዜ፣ 15 ዋት። ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ሌት ተቀን ስለሆነች በወር 11 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትበላለች፣ ከአንዱ አምፖል ቁጠባ ትበልጣለች።

የቆጣሪውን ክዳን መንካት አያስፈልግም፣ ማየት ብቻ ነው። በጋራ ቆጣሪ የምትኖሩ ከባድ ነው፤ የተከራዩን ሁሉ ብሬከር ማጥፋት አይቻልም። እናንተ ላይ ሌላም ዕዳ አለ፦ ታሪፉ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የኪሎዋት ሰዓቱን ዋጋ የሚያስወድድ ባለ እርከን ስለሆነ፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመር ቆጣቢውም ከላይኛው እርከን ይከፍላል። ለእናንተ ከማንኛውም ዕቃ በፊት የራስ ቆጣሪ ማስገባት ነው የሚያዋጣው።

በዚህ ዘዴ ነው ቦይለሩን የያዝኩት። የእኛ 50 ሊትር፣ 1500 ዋት ነው። ማንም ሙቅ ውሃ ባልተጠቀመበት ቀን፣ የሞቀውን እንዳለ ለማቆየት ብቻ እየተነሳ የሠራበትን ጊዜ ስደምረው 45 ደቂቃ ያህል ሆነ፣ ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። በወር 33 ኪሎዋት ሰዓት ያለ አንድ ጠብታ ጥቅም! 50 ሊትር ውሃን ከ22 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። ስለዚህ ገላ ከመታጠባችን ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ማብራት፣ ከዚያ መዝጋት ሆነ ደንባችን። ወጪው ዜሮ ነው። ለነገሩ አዳማ ላይ ግንቦትን የሚያውቅ ሰው ሌት ተቀን የሚፈላ ቦይለር ለምን እንደሚይዝ ለእኔም አይገባኝም።

ሁሉም የሚከሰው ምጣድ ግን ያሰብኩትን ያህል አልወጣበትም። ገና አንድ እንጀራ ሳይወጣ ለማሟሟቅ 20 ደቂቃ ይወስዳል፣ ከ1 ኪሎዋት ሰዓት በላይ። በሳምንት ሁለቴ የሚጋገረውን አንዴ ብናደርገው በወር 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው የሚተርፈው። ለእናቴ ሳቀርብላት «በዚህ ሙቀት የሳምንት እንጀራ? ሻጋታውን አንተ ትበላዋለህ?» አለችኝ። ልክ ናት፤ ፍሪጅ ውስጥ እናስገባው ካልን ቁጠባው በዚያ በኩል ይወጣል።

ብሩን ለማስላት ቀመሬ አጭር ናት፦ በወር የሚተርፈውን ኪሎዋት ሰዓት በላይኛው እርከናችሁ ዋጋ ማባዛት፣ ያወጣችሁትን ወጪ በዚያ ማካፈል፤ ወጪው ለመመለስ ስንት ወር እንደሚፈጅ ይነግራችኋል። ጠቅላላ ክፍያውን ለፍጆታው በማካፈል አማካይ ዋጋ የምትጠቀሙ ተሳስታችኋል፤ የሚቆረጠው ከላይ ነው። ከመስከረም 2017 ወዲህ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ ስለሚጨምር ማስታወሻችሁን በኪሎዋት ሰዓት ያዙ፣ ብሩን የዚያን ወር አባዙበት። (ተራራው ላይ የአዳማ ቁጥር ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያን 102 ተርባይኖች፣ 153 ሜጋዋት፣ እያየን «መብራቱ የደጃችን ነው» የሚል ጎረቤት አለን። ቆጣሪው ይህን አይሰማም።)

ያልተፈታልኝ ኮርኒሱ ነው። ኤሲ የለንም፤ ስለዚህ ኮርኒስ ብናሻሽል ከቬንትሌተር በቀር የሚቀንስ ፍጆታ የለም፣ ቀመሬ ላይ ካስገባሁት ወጪው በዕድሜዬም አይመለስ። በሙቀት ስታየው ግን ሌላ ነው። 4 በ4 ክፍል፣ ከቆርቆሮው በታች ያለው አየር 45፣ ክፍሉ 30 ዲግሪ ቢሆን፣ በስስ ቺፑድ ብቻ ወደ 600 ዋት ሙቀት ይወርድብናል፤ ቀትር ላይ ትንሽ ምድጃ ጣራ ላይ እንደሰቀልን ቁጠሩት። 5 ሳንቲሜትር ፎም በሞራሌዎቹ መካከል ብናነጥፍበት ወደ 140 ዋት ይወርዳል። ስሌቱ ግምታዊ ነው፣ የፀሐዩን ጨረርና ክፍተቶቹን ሁሉ አያካትትም፣ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። እኔ ፎም አልወድም፤ ያረጀ የኤሌክትሪክ መስመር ያለበት ኮርኒስ ላይ ቶሎ የሚቀጣጠል ነገር አላነጥፍም። ግላስ ዉል (ከመስታወት ክር የተሠራ ጥጥ መሰል ንጣፍ) ውድ ነው፣ ሲሠሩትም ያሳክካል፣ ግን እሱን እመርጣለሁ። ፎይል የምትሉ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ አጣብቃችሁ አትልፉ፤ የሚሠራው ፊት ለፊቱ የአየር ክፍተት ሲኖር ነው፣ የሚያብረቀርቀውም ገጽ ወደ ታች ይሁን፣ አለበለዚያ የአዳማ አቧራ በጥቂት ወር ይሸፍነዋል።

ስለዚህ አሁን ሁለት ደብተር ይዣለሁ፣ አንዱ በኪሎዋት ሰዓት፣ ሌላው በዲግሪ፣ እያደባለቅኩ አልከራከርም። ይህን ሁሉ የምሰብከው እኔ ፍሪጁን ከፍቼ ቆሜ የምበላውን የምመርጥ ሰው መሆኔን እናቴ ልትነግራችሁ ትችላለች።

ቀጥሎ የማስበው ቆርቆሮውን ነጭ ቀለም መቀባት ነው፤ ከግላስ ዉል በብዙ ይረክሳል። አዳማ ውስጥ ጣራውን ነጭ የቀባ ካላችሁ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከኮርኒሱ በላይ በቴርሞሜትር የተለካ ቁጥር ላኩልኝ፣ ከመቀባቱ በፊትም የነበረው ካለ አብራችሁ። «በጣም ቀዝቅዟል» የሚለው ለእኔ አይሠራም።