2,147,483,647፦ አንድ ብቸኛ ቁጥር በቅርበት ሲታይ

ከትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ሌላ አካፋይ ከሌላቸው ቁጥሮች) መካከል ደጋግሜ የምመለስበት 2,147,483,647 ነው። ይህ ቁጥር ከ2 ሠላሳ አንደኛ ርቢ ላይ 1 ሲቀነስ የሚገኝ በመሆኑ፣ በ0 እና በ1 ብቻ ሲጻፍ 31 አንዶች ተደርድረው ይታያሉ። እንዲህ ያሉት ቁጥሮች የመርሴን ቁጥሮች ይባላሉ። የመርሴን ቁጥር ብቸኛ እንዲሆን ግን ርቢው ብቸኛ ቁጥር መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ርቢው 11 ሲሆን የሚገኘው 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ነውና።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የሒሳብ ሊቁ ሌዎንሃርድ ኦይለር ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑን በ1772 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠበት መንገድ ነው። በተለመደው መንገድ እስከ ዳግም ዘሩ፣ ማለትም እስከ 46,340 ድረስ ባሉት ከ4,700 በላይ ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ እያካፈሉ መሞከር ያስፈልጋል። ኦይለር ግን ብቸኛ አካፋይ ቢኖር ኖሮ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን እንዳለበት ተረድቶ ነበር። ስለዚህ 3፣ 5፣ 7 እና መሰሎቻቸው ገና ሳይሞከሩ ይወድቃሉ፤ 63 እና 249 ራሳቸው ብቸኛ ስላልሆኑ ይታለፋሉ፤ የመጀመሪያው እውነተኛ ተፈታኝ 311 ሲሆን፣ ሲካፈልበት 35 ይቀራል። በዚህ መንገድ የሚፈተኑት ዕጩዎች 400 እንኳ አይሞሉም፤ ያለ ማስያ ማሽን ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ቁጥሩ በ2 ሠላሳኛ ርቢ ሲባዛ 2,305,843,008,139,952,128 የተባለውን ፍጹም ቁጥር ይሰጣል፤ የዚህ ቁጥር አካፋዮች፣ ራሱ ሳይቆጠር፣ ተደምረው ራሱኑ ይሆናሉ።

ሌላም ውብ ጠባይ አለው። የ7ን ርቢዎች በተከታታይ ለዚህ ቁጥር እያካፈልን ቀሪውን ብንይዝ፣ ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉት ቁጥሮች ሁሉ አንዱም ሳይደገም ይወጣሉ፤ ኮምፒውተሮች የዘፈቀደ የሚመስሉ ቁጥሮችን ለማመንጨት የተጠቀሙበትም በዚህ ምክንያት ነው።