ለመነሳት የማትቸገር፣ ለመቆም የምትቸገር መኪና

በረዶ ላይ መንዳት ስጀምር መጀመሪያ የሸወደችኝ የራሴ መኪና ናት። ትንሽዬ ናት፣ የፊት ጎማ ነው የሚጎትታት፣ ካምቢዮዋ ማንዋል። ሰው ሁሉ "ፎርዊል (አራቱም ጎማ የሚጎትት) ካልያዝክ በረዶ ላይ እንዳትወጣ" እያለ ሲያስፈራራኝ ከርሞ የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ቀን ጠዋት ወጣሁ፣ መስታወቱን ጠረግኩ፣ ሞተር አስነሳሁ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጌ ስለቀው ምንም ሳትል ወጣች። አጠገቤ የቆመው ትልቅ መኪና የኋላ ጎማው ዝም ብሎ እየዞረ ነው፣ እኔ ግን ሄድኩ። ኧረ ተዉኝ፣ ይሄ ነው እንዴ የሚወራለት በረዶ?

ትንሽ እንደሄድኩ ቁልቁለት አለ፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ መስቀለኛ መንገድ አለ። 30 ላይ ነኝ። ፍሬን ረገጥኩ፣ ኤቢኤሱ (ጎማው እንዳይቆለፍ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ የሚያደርገው) ግርርርር አለ፣ ፔዳሉ እግሬን ከስር ይመታኛል፣ መኪናዋ ግን ጭራሽ የሰማችኝ አትመስልም፣ እንደነበረች ትወርዳለች። የሚንቀጠቀጠው ፔዳሉ ይሁን እግሬ መለየት አቅቶኝ ነበር። መስቀለኛው መሀል ደርሳ ቆመች። ደግነቱ ከግራም ከቀኝም የሚመጣ አልነበረም።

ነገርዬው ቆይቶ ነው የገባኝ። የፊት ጎማ የሚጎትታት መኪና ሞተሩም ካምቢዮውም ፊት ነው ያለው፣ ከክብደቷ 60 በመቶ አካባቢው ፊት ላይ ያርፋል፣ ክብደቱ የሚጎትተውን ጎማ ስለሚጫነው በረዶ ላይ መነሳት አይከብዳትም። ግን የትኛው ጎማ ይጎትታል የሚለው ጥያቄ ለመነሳት ነው የሚጠቅመው፣ ፍሬን ስትይዝ ሁሉም መኪና አራቱም ጎማ ነው የሚይዘው፣ ፎርዊል ሆንክ አልሆንክ እዛ ጋ እኩል ነን። በደረቅ አስፓልት በ50 ስትሄድ ፍሬኑ ከያዘ በኋላ 13፣ 14 ሜትር ላይ ትቆማለህ። እንደ መስታወት የረጋ በረዶ ላይ ያው ፍጥነት ወደ 100 ሜትር ይወስድሃል። ያ ደግሞ አይተህ ደንግጠህ እግርህ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ ያለውን ሳይጨምር ነው። ፍጥነትህን በግማሽ ከቀነስክ ግን መቆሚያህ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ለዚህ ነው ቀስ ብሎ መሄድ ከየትኛውም ቴክኖሎጂ የሚበልጠው።

ሌላው ነገር የነዚህ የፊት ጎማዎች ስራ መብዛቱ ነው። ይጎትታሉ፣ ይጠመዘዛሉ፣ ፍሬን ሲያዝም ብዙው ሸክም እነሱ ላይ ነው። አስፓልት ላይ ሶስቱንም በአንዴ ብታዛቸው ይችሉታል፣ በረዶ ላይ ግን አንድ በአንድ ነው። ኩርባ ከመድረሴ በፊት ፍሬን እጨርሳለሁ፣ ከዛ ነዳጁንም ፍሬኑንም ሳልነካ መሪ ብቻ፣ ከኩርባው ስወጣ ደግሞ ቀስ ብዬ ነዳጅ። ተሳስተህ መሪ ጠምዝዘህ መኪናዋ ቀጥ ብላ መሄድ ከጀመረች የሰው ልጅ ተፈጥሮ ሆኖ የበለጠ ትጠመዝዛለህ፣ እሱ ደግሞ ያባብስብሃል። ነዳጁን መልቀቅ፣ መሪውን ትንሽ መመለስ፣ ጎማው መሬት እስኪይዝ መጠበቅ። መጠበቅ ስል ሁለት ሰከንድ ነው፣ ግን ዓመት ነው የሚመስልህ።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ ልምጣ። የበረዶ ጎማ ልገዛ ስል ሂሳብ ሰራሁ፣ የሚጎትተው የፊቱ ነው፣ የሚጠመዘዘውም እሱ ነው፣ ስለዚህ ሁለት ገዝቼ ፊት ላይ ካሰርኩ የኋላው የድሮ ጎማ ዝም ብሎ ይከተላል ብዬ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ቆንጆ ሄደ፣ እንደውም ከበፊቱ በጣም ተሻለኝ፣ ፍሬኑም መሪውም ይሰማኛል፣ እኔም በዛው ልብ አገኘሁና ፍጥነት ጨመርኩ። አንድ ማታ ኩርባ ላይ ትንሽ የፈጠንኩ መስሎኝ ነዳጁን ድንገት ለቀቅኩ፣ ሌላ ምንም አላደረግኩም፣ ነዳጅ ብቻ። ክብደቷ ወደ ፊት ሲሄድ ኋላዋ ቀለለ፣ የኋላው ጎማ ደግሞ ድሮም የሚይዝበት ነገር የለውም፣ ቂጧ እኔን ቀድሞ መሄድ ጀመረ። መሪ ልመልስ ስል ረፍዷል። ዞራ ዞራ የመጣሁበትን መንገድ እያየች የበረዶ ክምር ውስጥ ተቀረቀረች። ሞተሩ ጠፋ፣ መብራቱ እንደበራ ነው፣ የራሴን ዱካ እያበራ ያሳየኛል። ከሩቅ ሁለት መስመር ሆኖ ይመጣል፣ የኋላው ጎማ የፊቱን እየረገጠ ማለት ነው፣ የሆነ ቦታ ላይ ሁለቱ መስመር አራት ይሆናል። እሱን ቁጭ ብዬ ስንት ደቂቃ እንዳየሁት አላውቅም።

በበረዶ ከኔ ብዙ ዓመት ቀድሞ የነዳ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። "ስማ አንተ ልጅ፣ ሁለት እግሯን ጫማ አድርገህላት ሁለቱን ባዶ እግር ታስሮጣታለህ?" አለኝ፣ ሳቀብኝም። በቃ ሌላውን ሁለት ገዛሁ። የበረዶ ጎማ አራት ነው፣ ወይ ደግሞ የለም፣ ሁለት ብቻ ፊት ላይ ማድረግ እንደውም ጭራሽ ካለማድረግ ይከፋል፣ ፊቷ ስለሚይዝ ትተማመናለህ ኋላዋ ግን እየጠበቀህ ነው። ስትገዙ ጎኑ ላይ ሶስት ጫፍ ያለው ተራራ መሀሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ፈልጉ፣ ኤም እና ኤስ (ጭቃና በረዶ ለማለት ነው) ብቻ የተጻፈበት አይበቃም። ልዩነቱ ጥርሱ ብቻ አይደለም፣ ላስቲኩ ራሱ ሌላ ነው፣ ተራ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ ይሄዳል፣ ይሄኛው ግን ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ትንሽ መኪና ጎማዋ ቀጭን መሆኑ ደግሞ እዚህ ጋ ይጠቅማታል፣ በረዶውን ቆርጦ ወደ ታች ይገባል፣ ሰፊው ላዩ ላይ ነው የሚንሳፈፈው።

በነገራችን ላይ አማርኛችን እዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። እንደ ጠጠር የሚወርደውም በረዶ፣ እንደ ባዘቶ የሚወርደውም በረዶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ፣ አስፓልት ላይ እንደ መስታወት የረጋውም በረዶ። አመዳይ የሚል ቃል አለ ግን ማን ይለዋል። ሲነዱ ግን እያንዳንዱ ሌላ ነው። አዲስ የወረደው ይታይሃል፣ ሲረገጥም ድምጽ አለው። የሚያስፈራው የማይታየው ነው፣ መንገዱ እርጥብ ብቻ የሚመስለው፣ ጎማው ድንገት ድምጹ ሲጠፋና መሪው እጅህ ላይ ቅልል ሲልህ ነው የምታውቀው። ድልድይ ላይ ቀድሞ ይረጋል ምክንያቱም ብርዱ ከላይም ከታችም ነው የሚያገኘው። የሚገርመው ደግሞ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያለው በረዶ ላዩ ላይ ውሃ ስላለው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ካለው የበለጠ ያንሸራትታል፣ "ዛሬ ሞቅ ብሏል" ያላችሁ ቀን ነው መፍራት።

ዳገት ላይ የዚች መኪና ድክመት ይወጣል። ስትወጣ ክብደቷ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ፊቷ ይቀላል፣ የሚጎትተው ጎማ ዝም ብሎ ይዞራል። አንዴ አጭር ዳገት ሶስቴ ሞክሬ እምቢ ስትለኝ ያው ጓደኛዬ የነገረኝ ትዝ አለኝና አዙሬ በሪቨርስ ወጣሁት። ያኔ የሚሰራው ጎማ ከታች ይሆናል፣ ክብደቱም እሱ ላይ ነው፣ ወጣች። አንገቴ ለሁለት ቀን ተጣሞ ነበር፣ መስኮት ላይ ቆሞ የሚያየኝ ሰውም ነበር፣ ግን ወጣች። መንገዱ ባዶ ካልሆነ ግን አትሞክሩት። ደግሞ ኋላ ሻንጣው ውስጥ የአሸዋ ጆንያ ጫን የሚል ምክር ከሰማችሁ እሱ የኋላ ጎማ ለሚገፋት መኪና ነው፣ የኛዋን ፊቷን ነው የሚያቀልባት።

ከተቀረቀርክ ነዳጅ መስጠት ዋጋ የለውም፣ ጎማው በዞረ ቁጥር በረዶውን አቅልጦ መስታወት ያደርገዋል። ትራክሽን ኮንትሮሉን (ጎማው ዝም ብሎ ሲዞር ሞተሩን የሚይዘውን) አጥፍተህ በአንደኛና በሪቨርስ ቀስ እያልክ ወዲህ ወዲያ ማወዛወዝ ነው፣ አካፋ ካለህ መጀመሪያ ጎማው ፊት ያለውን ማንሳት። ሞተር አስነስተህ ውስጥ ቁጭ ብለህ ልትሞቅ ካሰብክ ግን መጀመሪያ ወርደህ የጭስ ማውጫውን በረዶ እንዳልደፈነው እይ፣ ጭሱ ወደ ውስጥ ከገባ ውስጡ ያለው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ፣ አይሸትም፣ ይገድላል፣ ይሄ ቀልድ የለውም። የጎማ ንፋስም እንዳትረሱ፣ ሙቀቱ 5፣ 6 ዲግሪ በወረደ ቁጥር ጎማው 1 ፒኤስአይ (የንፋሱ ግፊት መለኪያ) ያህል ይቀንሳል።

የመጨረሻው የእጅ ፍሬን ነገር ነው። አንድ ማታ እርጥብ በረዶ ላይ ነድቼ ስቤው ወረድኩ፣ ሌሊቱን በረደ፣ ጠዋት ፍሬኑን ብለቀውም የኋላው ጎማ ተጣብቆ ቀረ። ነዳጅ ሰጠሁ፣ ፊቷ ይጎትታል፣ ኋላዋ እንደ እምቢተኛ ፍየል እየተጎተተ ይከተላል፣ በረዶው ላይ ሁለት የተላጨ መስመር እየጻፈች አስር ሜትር ሄደች፣ ከዛ ቋ ብሎ ለቀቀ። ከዛ ወዲህ ሜዳ ላይ ሳቆም ማርሽ አስገብቼ ነው የምወርደው፣ እጄ ግን እስካሁን ሳላዘው ወደ ፍሬኑ ይሄዳል።