በስሟ የተጠራች

ዛሬ ማታ ይደውላል ብዬ ስልኬን አጠገቤ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ነው የዋለው። ዓይኔን ከስልኩ ላይ ላንሳ ብዬ እጄን ወደ መደርደሪያው ብሰድ የወጣልኝ ያው የማውቀው ሰማያዊ ሽፋን ነው። ቀይ ጸጉር ያላት ልጅ፣ ሰፊ ቀሚስ፣ ዙሪያዋን መስታወት። ለስንተኛ ጊዜ እንደማነበው መቁጠር ከተውኩ ቆየሁ።

ልዕልት፣ የሚመጣ ክፉ ዘመንና ፍቅር አንድ መጽሐፍ ውስጥ ከተገናኙ እኔ አለሁ። ታላቄ "አሁንም የልጅ መጽሐፍ?" ትለኛለች። አዎ፣ አሁንም። ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የተጻፈ ነገር ልቤን እንዲህ የሚይዘው ለምን እንደሆነ ግን ለእሷ በአፍ አስረድቼ አላውቅም። እዚህ ልሞክር።

ይህን መጽሐፍ፣ "ዘ ሴሌክሽን"ን፣ ደራሲዋ ኪየራ ካስ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በታሪኩ ውስጥ ዩናይትድ ስቴትስ ጠፍታለች፤ በምድሯ ላይ ንጉሥ ያለው አዲስ አገር ቆሟል። ሕዝቡ ከአንድ እስከ ስምንት በቁጥር ተከፍሏል። አንድ የንጉሡ ቤት ነው፣ ስምንት መጠጊያ የሌለው። ሽፋኑ ላይ ያለችው ልጅ ቁጥሯ አምስት ነው፣ የሙዚቀኞችና የሠዓሊዎች መደብ። ተደብቃ የምታፈቅረው ልጅ ስድስት ነው፣ የአገልጋዮች ወገን። ሴት ስታገባ የባሏን ቁጥር ስለምትይዝ እሱን ማግባት ማለት እያወቁ ወደ ባሰ ረሃብ መውረድ ነው። እሷ ለመውረድ ዝግጁ ናት፣ እሱ እምቢ ይላል። ከዚያ ልዑሉ ሚስት ሊመርጥ ነው ይባልና የ35 ልጃገረዶች ስም በቴሌቪዥን ይነገራል፤ አንደኛው የእሷ ነው።

ቀሚሱን እወደዋለሁ፤ አልክድም። ግን ያን ቀሚስ የሚሰፉላት ሦስት ደንገጡሮች ስድስቶች መሆናቸውን ሳስብ ሌላ ነገር ይታየኛል። ትናንት ከሰው በታች የነበረች ልጅ ዛሬ ቆማ ትለካለች፤ ከእግሯ ሥር ተንበርክካ ጠርዙን የምትይዝላት የአፍቃሪዋን ቁጥር የተሸከመች ሴት ናት። ሐሩም ረሃቡም አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያሉት። ቤተ መንግሥት ገብታ የቀመሰችው ጣፋጭ እንኳ ታናሽ እህቷን ነው ያስታወሳት። ተራው የልዕልት ተረት ላይ ይሄ የለም። እዚያ ድህነቱ በር ላይ ይቀራል፤ እዚህ ግን ልጅቷ ይዛው ትገባለች።

ደግሞ ያቺ ሳንቲም አለች። ልጁ ዘፈን ባዘፈናት ቁጥር አንድ አንድ ሳንቲም ይሰጣት ነበር፤ ሳታጠፋ በማሰሮ አጠራቅማቸዋለች። ወደ ቤተ መንግሥት ስትሄድ ከዚያ ሁሉ አንዷን ብቻ ይዛ ሄደች። እሱን ልተወው ብላ ወስና እንኳ ሳንቲሟን መጣል አቅቷታል። በዚህኛው ገጽ ላይ ሁልጊዜ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ዛሬም እንደዚያው ሆንኩ።

ደራሲዋ ሐሳቡ የመጣላት ከሲንደሬላና ከአስቴር ታሪክ እንደሆነ ተናግራለች። አስቴር ለንጉሡ ከመወሰዷ በፊት የምትወደው የጎረቤት ልጅ ኖሯት ቢሆንስ ብላ ነው የጀመረችው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ መጽሐፈ አስቴርን እንደ ድሮው ማንበብ አልቻልኩም። ተነሥቼ ምዕራፍ ሁለትን አወጣሁ። አርጤክስስ ከሕንድ እስከ ኢትዮጵያ 127 አገር የሚገዛ ንጉሥ ነው፤ ቆነጃጅቱ ከየአገሩ ወደ ሱሳ ይሰበሰባሉ። እያንዳንዷ 12 ወር ትቀባለች፣ ስድስቱን ወር በከርቤ ዘይት፣ ስድስቱን በሽቱ። ከዚያ ማታ ትገባለች፤ ሲነጋ የምትመለሰው ግን ወደ መጣችበት ሳይሆን ወደ ሁለተኛው የሴቶች ቤት ነው። ንጉሡ ወድዷት በስሟ ካላስጠራት በቀር ዳግመኛ ወደ እሱ አትገባም።

በስሟ ካላስጠራት። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼው አልፌዋለሁ! በልብ ወለዱ ተመርጣ የገባች ሁሉ ቁጥሯ ወደ ሦስት ከፍ ይልላታል፤ ባትፈለግ እንኳ ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች። ደራሲዋ ሆዷ አልቻለም መሰለኝ፣ መውጫ በር ሠራችላቸው። እኔም የማነበው ለዚያች በር ይሆናል፤ ዘውዱ የማን እንደሚሆንማ ካወቅሁት ስንት ጊዜዬ።

የሱሳዎቹ ግን በር አልነበራቸውም። አስቴርን እንኳ ያሳደጋት ዘመዷ መርዶክዮስ ደኅንነቷን ለማወቅ በየቀኑ በሴቶቹ ቤት ፊት ለፊት ይመላለስ ነበር። እነዚያ ዓመት ሙሉ በከርቤ ታሽተው አንድ ሌሊት ብቻ የታዩት ልጆች ስማቸው አልተጻፈም። ከእነሱ አንዷ ልብሷ ጫፍ ላይ የቋጠረቻት አንዲት ነገር ኖሯት ይሆን? አገሯ የቀረውስ ልጅ፣ አልተመረጠችም ሲሉት ትመጣለች ብሎ ስንት ዓመት መንገድ መንገዱን አየ?