ጠላ ስልክ ተደውሎለት አይደርስም

በታኅሣሥ መጨረሻ፣ አንድ አርብ ከሰዓት፣ አለቃዬ በቴሌግራም «ሽንኩርቱ ከየትኛው በጀት ነው የሚወጣው?» ብሎ ጻፈልኝ። ሪፖርት የላክሁለት መስሎኝ የሠርጌን አስቤዛ ልኬለት ኖሯል። ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ቅቤ፣ ጌሾ፣ ከነኪሎው። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን ከሜክሲኮ ወደ አቧሬ ስሄድ፣ ታክሲ ውስጥ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርድ ጀመር። ወያላው «እህቴ፣ የት ነበር የምትወርጂው?» ሲለኝ ነው መውረጃዬን ማለፌን ያወቅሁት።

ሠርጉ እሁድ ጥር 17 ቀን 2018 ነው። ሦስት ሳምንት ገደማ ቀርቶታል።

ስልኬ ላይ ያለው ዝርዝር 63 መስመር ደርሷል። ሁለት ስሰርዝ አራት ይጨመራል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅቼ «የኬክ ቢላ» ብዬ ጽፌ ተመልሼ እተኛለሁ፤ ማለቴ ለመተኛት እሞክራለሁ። ከእጮኛዬ ጋር ሁለት ቀን ተኮራርፈናል። ምክንያቱ የወንበር ሪባን ነው። እኔ «ወርቃማ ይሁን ወይስ ነጭ?» አልኩት። እሱ «የፈለግሽው ይሁን» አለ። ለምን እንደዚያ አልክ ብዬ ነው የተጣላሁት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በጥር ያገባ ሰው ይገባዋል። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ጾሙ እስኪፈታ ሠርግ የለም። ከዚያ ሁሉም ከጥምቀት በኋላ ላሉት ቀናት ይረባረባል። በ2018 ነነዌ ጥር 25 ገባ። ዐቢይ ጾም ደግሞ የካቲት 9። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያሉትን ስትቆጥሩ አራት ቅዳሜና አራት እሁድ ናቸው፣ በቃ። አዳራሹም፣ ካሜራማኑም፣ ዲኮሩም፣ ፀጉር ሠሪዋም የሚሻሙት በእነዚያ ስምንት ቀናት ነው። እኔ ቀብድ የከፈልኩት ዲኮር ሠሪ ከገንዘቡ በኋላ ስልክ ማንሳት አቁሟል።

የእኛ ቤት ደግሞ ሌላም ጣጣ ነበረበት። ያደግሁት ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ በ2017 ሲፈርስ ጎረቤቱ ተበተነ። ብዙዎቹ ገላን ጉራ ገቡ፤ ወላጆቼ አቧሬ ተከራዩ። ድሮ ቢሆን እናቴ ደጅ ወጥታ ብትጣራ ይበቃ ነበር። ድንኳኑ ከእድር፣ ብረት ድስቱ ከእድር፣ ሽንኩርት ከታፊው ከጎረቤት። አሁን አንድ ትሪ ለመዋስ ሁለት ታክሲ መያዝ ሊኖርብን ነው። እና ያንን የሰፈር ሙሉ ሥራ እኔ ለብቻዬ፣ ከቢሮ ጠረጴዛ ላይ፣ በስልክ ልሠራው ተነሣሁ። ያበድኩት እዚያ ላይ ነው።

እሁድ እቴቴ መጣች። የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እድሩ ውስጥ ድግስ ሲኖር ወጥ ቤቱን የምትመራው እሷ ነበረች። ገና ከበር «ምነው እንዲህ ጠቆርሽ?» አለችኝ። ዝርዝሩን አሳየኋት። መነጽሯን ስላልያዘች «አንብቢልኝ» አለች። ማንበቡ ራሱ ጠቀመኝ መሰለኝ። ጮክ ብሎ ሲነበብ አንዳንዱ ነገር ያስቃል።

«ለእንግዳ የሚታደል ቸኮሌት፣ በትንንሽ ሣጥን» አልኳት።

«እሱ ባይኖር ሠርጉ ይቀራል?»

«አይቀርም።»

«ቀጥይ።»

«የሚዜዎች ዳንስ ልምምድ።»

«ባይኖርስ?»

«አይቀርም፤ ግን እቴቴ፣ አሁን ሰው ሁሉ እኮ...»

«ስለ ሰው አልጠየቅሁሽም። ሠርጉ ይቀራል ወይ ነው ያልኩሽ።»

እንዲህ እያልን 63ቱን ወረድንባቸው። ድሮን ካሜራ፣ ሁለተኛ ኬክ፣ ለእንሶስላው ማታ የተለየ ልብስ፣ ስማችን የተጻፈበት ናፕኪን። 21 መስመር ተሰረዘ። ሲሰረዝ ያመመኝ አንዱም የለም። ይሄ ገረመኝ። እንቅልፍ የነሱኝ ነገሮች ነበሩ እኮ። ግማሾቹን የጻፍኳቸው የሌላ ሰው ሠርግ አይቼ በመጣሁ ማግስት ነው። ሥራ ሳይሆን ይሉኝታ ነው የጻፍኩት።

ለነገሩ ዋናው አልቆ ነበር። ኅዳር ውስጥ ወረዳ ሄደን፣ ሁለት ሁለት ምስክር አቁመን ፈርመናል። በመንግሥት ፊት ባልና ሚስት ነን። የቤተ ክርስቲያኑንም ቀን ከንስሐ አባታችን ጋር ጨርሰናል። ይሄን ስነግራት እቴቴ «ታዲያ የቀረሽ ድግስ አይደል? ድግስ ደግሞ እኔ አውቃለሁ» አለች።

ከዚያ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ከተረፉት ውስጥ የማይቸኩለው የቱ ነው?»

የሚያስቸኩለው ያለች መስሎኝ የመኪና ኪራዩን ጠራሁ። «አይደለም፣ የማይቸኩለው» አለች። «ጠላ ስልክ ተደውሎለት አይደርስም።»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። መኪና በመጨረሻው ሳምንትም ይገኛል፤ ገንዘብ ትጨምራለህ፣ ይመጣል። ጠላ ግን ገንዘብ አይሰማም። ጌሾና ብቅሉ ተጠንስሶ መነሣት አለበት። ከዚያ ድፍድፉ አለ። ከዚያ ታሽጎ ይቀመጣል። ጠጁም እንደዚያው የራሱ ቀን አለው። በርበሬው ታጥቦ ፀሐይ ይፈልጋል። ሽሮ ሜዳ የሰጠሁት የመልስ ቀሚስም እዚሁ ገባ፤ ጥለቱ በእጅ ነው የሚሠራው። እንዲህ ያሉት ቢቆጠሩ 9 ናቸው። እኔ ደግሞ ለሦስት ወር እነሱን ትቼ ሪባን ሳሳድድ ከርሜያለሁ።

ሰኞ እቴቴ መርካቶ ወርዳ ጌሾ ገዛች። ቀጥሎ የጋን ጉዳይ መጣ። የእናቴ ጋኖች ቤት ስንለቅ ጭነት መኪና ላይ ተሰባብረዋል። እኔ የፕላስቲክ በርሜል ገዝቼ መጣሁ። እቴቴ በርሜሉን ዞር ዞር ብላ አየችውና «ይሄን በወይራ እንዴት አድርጌ ነው የማጥነው?» አለችኝ። መልስ የለኝም። በመጨረሻ ገላን ጉራ ያሉ የድሮ ጎረቤታችን ጋን አላቸው ተባለ። ወንድሜ ሄዶ አመጣው። በሚኒባስ ነው ያመጣው፤ ጋኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ የሁለት ሰው ሒሳብ ተከፍሎለት፣ መስኮት በኩል ተቀምጦ።

ማታ ግቢው ውስጥ ወይራው ተጫረ። እቴቴ ጋኑን ጭሱ ላይ ደፋችው። ጭሱ በጋኑ አፍ ዙሪያ በቀጭኑ እያመለጠ ወደ አከራያችን መስኮት ሄደ። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው «ምን ተቃጠለ?» እያሉ ወጡ። ጋኑን ሲያዩ ዝም አሉ። በርጩማ አስመጡና አጠገባችን ቁጭ አሉ። ከጥቅምት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርግ ያለብኝ ሰው መሰልኩ።

የቀሩት 33 መስመሮች ሌላ ሰው ሊሠራቸው የሚችላቸው ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሥራ ሰጠሁ ማለትና መስጠት ይለያያሉ። መኪናውንና አበባውን ለወንድሜ ሰጠሁት። በመጀመሪያው ቀን ስድስት ጊዜ ደወልኩለት። በሰባተኛው «እቱ፣ ካመንሽኝ ተይኝ፤ ካላመንሽኝ ብሩን እንኪና ራስሽ ሂጂ» አለኝ። ተውኩት። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ሥራውን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡንም ውሳኔውንም አብሬ ሰጠሁ። ወንድሜ ነጭ ያልኩትን አበባ ቀይ አድርጎት መጣ። እኔ ያየሁት ቪዲዮው ሲደርስ ነው። ሌላ ማንም አላነሣውም።

ስልክ የማያነሳው ዲኮር ሠሪ ለእጮኛዬ ደረሰው። እሱ አልደወለም። ከሥራ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ዲኮር ሠሪው ቤት ሄዶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሦስት ቀን እንደዚያ አደረገ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ዕቃውን አሳየው። ከእሱ በኋላ ለኔም ሕግ ሆነ፦ ቀብድ የበላ ሰው ጋ በአካል ነው የሚኬደው። ሪባኑ በመጨረሻ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ አሁን ብትጠይቁኝ ፎቶ አይቼ ነው የምነግራችሁ።

ሌላው የጠቀመን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የሠርግ ወሬ ማቆማችን ነው። ሐሳቡ የእጮኛዬ ነው። የመጀመሪያው ማታ የምናወራው ጠፋን። ሽሯችንን በልተን ዝም ብለን ተያየን። በሁለተኛው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግራችን ወረድን፤ ከዓድዋ መታሰቢያው ፊት ለፊት ቆመን የድሮ ወርቅ ቤቶች የቱ ጋ እንደነበሩ ስንከራከር መሸ። ስለ ቀለበቱ አላነሣንም። ማለት ይቻላል። አንዴ ብቻ አነሣሁ።

አርብ ጥር 15 ማታ ሽንኩርት ሊከተፍ ነው። ከገላን ጉራ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሴቶች መጡ። እያንዳንዷ የራሷን ቢላ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። የኔ ዝርዝር ላይ «ቢላ፣ 15» የሚል መስመር ነበር። ወዲያው ሰረዝኩት። አርብ ስለሆነ ወጡን የሚቀምስ የለም። እቴቴ ክዳኑን ከፍታ ታሸትታለች፣ «ጨው አንሶታል» ትላለች፣ ይጨመራል። ቅዳሜ ሲቀመስ ልክ ነበር። እንዴት እንደሆነ እኔ አላውቅም። እኔ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኝቼ እስከ ንጋት አልነቃሁም።

ቀኑ አለፈ። የመልሱ ቀሚስ እጅጌው አጥሮ መጣ፤ ነጠላዬን ደርቤበት ዋልኩ። አዳራሹ ውስጥ መብራት ሁለቴ ጠፋ፤ ሁለቴም ሰው በጭብጨባ ዘፈኑን ቀጠለ። ጠላው አለቀ ሲባል አንድ ማሰሮ ተደብቆ ተገኘ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ የሁሉም ሰው ሠርግ ለራሱ ነው የሚጥመው።

አንድ ነገር ግን ተሳስቻለሁ። ጥሪውን ከ33ቱ ውስጥ አስገብቼ ለእህቴ ሰጠኋት። እሷ ካርዱን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችው። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ወደድኩት። ጋሽዬ ግን ስማርት ስልክ የላቸውም። ካዛንቺስ ግድግዳ ለግድግዳ ነበርን። ልጅ ሆኜ እናቴ ሥራ ስትውል ከትምህርት ቤት የሚያመጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ቦርሳዬን በአንድ ትከሻቸው አንጠልጥለው። አለመጠራታቸውን የሰማሁት በመልሱ ማግስት ነው። «ረስታኛለች» አላሉም አሉ። «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» ነው ያሉት። ይሄኛው የባሰ ነው።

አሁን እህቴ ወይም ጓደኛዬ ስታገባ ዝርዝሯን ብትሰጠኝ፣ መጀመሪያ የማወጣው በእግር ወይም በድምፅ የሚጠሩ ሰዎችን ነው። አሥር አይሞሉም። እነሱን ለሰው አልሰጥም።

ቅዳሜ የካቲት 7፣ ጾሙ ሳይገባ፣ ከባለቤቴ ጋር ገላን ጉራ ሄድን። ድፎ ዳቦ ይዘናል። ከማሰሮው የተረፈ ጠላም በሁለት ሊትር ሃይላንድ ይዘናል። ጋሽዬ በር ላይ ሳሙን። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር «ግቢ ግቢ፣ ብርድ ነው» ብለው አቋረጡኝ። ብርድ አልነበረም። ጠላውን ቀዳሁላቸው። ጎንጨት አሉና ፊታቸውን ጨመደዱ።

«ኮምጥጧል» አሉ።

«ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው፣ ጋሽዬ።»

እንደገና ጎንጨት አሉ። «የእቴቴሽ እጅ ግን ያስታውቃል» ብለው ብርጭቆውን ወደኔ ዘረጉት፣ እንድጨምርላቸው።