ፌስታል የለም ብዬ ነበር

ሱቄ ድሬዳዋ ቀፊራ አካባቢ ነው፤ ለደቻቱ ቅርብ ነኝ። ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ አሸዋው ላይ ደግሞ ፌስታል። አንድ ጠዋት ሱቅ ልከፍት ስሄድ ፍየል ፌስታል ስታኝክ አየሁ። አረንጓዴ መስመር ያለው፣ የኔ ሱቅ ፌስታል። ከሰፈሩ ያንን የምገዛው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የዚያኑ ቀን በካርቶን ላይ «ፌስታል የለም» ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ሰቀልኩ።

ሕጉም ከኔ ጋር ነበር። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ፌስታል ይከለክል ነበር። ቀፊራን የዞረ ሰው ግን እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን አይጠረጥርም። እንግዲያው እኔ አስከብረዋለሁ አልኩ። ጉራ ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ደንበኛ የባጃጅ ሹፌር ነው። «አቦ፣ ስኳሩን በኪሴ ልያዘው?» ብሎኝ ጎረቤቴ ሱቅ ገባ። ከሱ በኋላ ብዙዎች ተከተሉት። እኔም ስብከት ጀመርኩ። የሐምሌ 1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ እያነሳሁ፣ ያን ሁሉ ሰው የፈጀው ይሄ ፌስታል ነው እያልኩ ለመጣው ሁሉ አወራ ነበር። አንድ ሽማግሌ ሳሙናቸውን እንደያዙ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ያ ጎርፍ ከደጋ በዘነበ ዝናብ ነው የመጣው። በሌሊት ነው የደረሰብን። ወንድሜን የወሰደው ውሃ ነው» አሉኝ።

ከ200 በላይ ሰው ያለቀበትን ሌሊት ለፌስታል ክርክሬ መጠቀሜ አሳፈረኝ። ፌስታል ቱቦ ይደፍናል፣ ከብት ይገድላል፤ ይሄ ይበቃኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስብከቱን ተውኩት።

ካርቶኑን ያወረደችው ግን አንዲት ትንሽ ልጅ ናት። ግማሽ ኪሎ ስኳር ልከዋት መጣች። በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት። ሁለት በር ሳትሄድ ወረቀቱ ተቀደደ፣ ስኳሩ አፈር ላይ ፈሰሰ። ቆማ ታለቅሳለች፤ ቤት ስትደርስ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች። ሌላ ግማሽ ኪሎ መዘንኩላት። በፌስታል።

እንግዲህ ሥራው የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ለባቢሌ ኦቾሎኒና ለቡና የአሮጌ ደብተር ወረቀት ይበቃል። ለሳሙናና ለክብሪት ምንም አያስፈልግም፤ «በእጅ ይያዝ?» ብዬ ቀድሜ እጠይቃለሁ። ለካ ብዙ ሰው ፌስታል የሚቀበለው ስለሚሰጠው ነው! ከማዳበሪያ ጆንያ አሥር ዘንቢል አሰፋሁና ማዋስ ጀመርኩ። የወሰደውን ሰው ዱቤ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ስድስቱ አልተመለሱም። ግን አንዷን ሳቢያን ድረስ አንዲት ሴት ይዛት አይቻለሁ፤ ጠፋች አልልም። ለስኳር፣ ለዱቄትና ለልጆች ፌስታሉ ባንኮኒ ሥር አለ። ድሮ በሳምንት የማልቀው እስር አሁን ከወር በላይ ይቆየኛል።

በ2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታል የሚከለክል አዲስ አዋጅ ሲያጸድቅ ያ ባለባጃጅ በር ላይ ቆሞ «አቦ፣ ነቢይ ነሽ!» ብሎ ሳቀብኝ። ገዝቶ የወጣው ግን በፌስታል ነው።

ያልፈታሁት አንድ ነገር አለ። ፊት ለፊቴ ጫት የምትሸጥ ሴት አለች። በድሬ ሙቀት ጫት ቶሎ ይጠወልጋል፤ እሷ ውሃ ረጭታ በፌስታል ትቋጥረዋለች። በሙዝ ቅጠል ጠቅልዪው ብላት፣ «ቅጠሉን በየቀኑ አንቺ ታመጪልኛለሽ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ባለፈው ሳምንት የሷ አልቆባት፣ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት ሮጣ መጣች። ከባንኮኒው ሥር ቆጥሬ ሰጠኋት። ብሩን ስትዘረጋልኝ እጄ እምቢ አለኝ፤ ነገ ትሰጪኛለሽ አልኳት። እስካሁን አልጠየቅኳትም።