ሀሁን ታውቃለች፣ ቃል ማንበብ ግን ይከብዳታል

ትልቋ ልጄ ኬጂ ስትጨርስ ሀሁን ከላይ እስከ ታች ሳትሳሳት ትለው ነበር። እንግዳ ሲመጣ ቆማ በዜማ ታሰማለች፣ ይጨበጨብላታል። ከገበታው መሃል አንዷን ፊደል ነጥዬ "ይቺ ማን ናት?" ስላት ግን ዝም ትላለች። ከዚያ በጣቷ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ትሄድና "ረ፣ ሩ፣ ሪ፣ ራ..." እያለች ቆጥራ ትደርስባታለች። የምታውቀው ዜማውን ነው። ፊደሏን ለብቻዋ ስታገኛት አታውቃትም። አንደኛ ክፍል ገብታ መጽሐፍ ስትገልጥ ደግሞ ነገሩ አፍጥጦ መጣ። "ቤት" የሚለውን ለማንበብ አንዴ የ"በ"ን፣ አንዴ የ"ተ"ን መስመር መዘመር ነበረባት። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ የመጀመሪያው ይጠፋታል።

ብዙ ወላጆች እዚሁ ላይ ይቸገራሉ። ልጁ ፊደል ቆጥሯል ይባላል፣ ንባብ ግን አልጀመረም። እኔ አስተማሪ አይደለሁም። ሐዋሳ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፣ ማታ የምገባውም ደክሞኝ ነው። ስለዚህ የያዝኩት መንገድ ራት እስኪደርስ ባለችው ጊዜ፣ ቤት ባለ ዕቃ የሚሠራ ጨዋታ ነው።

የመጀመሪያውን ሐሳብ የሰጡኝ አባቴ ናቸው። እሳቸው ፊደል የቆጠሩት የኔታ ዘንድ ነው። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ። "ልጄ፣ ይኼ ዛሬ የመጣ መሰለሽ? የኔታ እኮ ሀሁን እንደጨረስን አቡጊዳ ያስጀምሩን ነበር" አሉኝ። አቡጊዳ "አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ" እያለ የሚሄደው ነው። የፊደላቱ ተራም ይለወጣል፣ ድምፁም በየፊደሉ ከመጀመሪያው (ከግዕዝ) ወደ ሁለተኛው (ካዕብ)፣ ከካዕብ ወደ ሦስተኛው (ሣልስ) እያለ ይዘላል። በሀሁ ዜማ የለመደ ልጅ እዚህ ሲደርስ ቆም ብሎ ፊደሏን ማየት ግድ ይሆንበታል። የድሮ መምህራን ችግሩን አውቀው መላ አበጅተውለት ነበር ማለት ነው። ይህን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ገበታውን ከግድግዳው አላወረድኩትም፤ ጨዋታችን ግን ፊደል እያዘበራረቀ የሚያጫውት ሆነ።

ሰፈር ካለ ግሮሰሪ ቆርኪ ለምኜ አመጣሁ። ታጠበ፣ ጠርዙ ስለት ያለው ተለይቶ ተጣለ። ወረቀት በክብ እየቆረጥኩ ውስጡ ለጠፍኩና ፊደል ጻፍኩበት። ሁሉንም ግን አልጻፍኩም። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ ያውም ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ያን ሁሉ ፊት ለፊቱ ብትዘረግፉለት የትኛውም ልጅ ይሸሻል። የተነሳሁት ከመማሪያ መጽሐፏ ነው። ገጽ እየገለጥኩ ደጋግመው የሚመጡትን ቃላት ለቀምኩ፦ ነው፣ ናት፣ ነበር፣ አለ፣ ቤት፣ ልጅ፣ ወደ፣ ላይ፣ ውስጥ፣ ግን፣ ሄደ፣ መጣ። ለእነዚህ የሚያስፈልጉት ፊደላት ብቻ ቆርኪ ላይ ወጡ።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ቆርኪዎቹ በአፋቸው ይደፋሉ። በየተራ አንድ ይነሳል። ፊደሏን የጠራ ይወስዳታል፣ ያልጠራ መልሶ ይደፋታል። በሰበሰበው ፊደል ቃል የሠራ ነጥብ ያገኛል። ቤት ውስጥ ዕቃ ሁሉ አፉ የሚከት ሕፃን ካለ ግን ቆርኪው ይቅር፣ ሰፋ ብሎ የተቆረጠ ካርቶን ይሻላል።

አሁን ብዙ ልቆይበት የምፈልገው ነገር ላይ ደረስኩ። ፊደላቱን ነጥላ መለየት ከጀመረች በኋላም አንዳንድ ቃል ላይ ጭራሽ ትቆም ነበር። "ትምህርት" ላይ ቆመች። "ምግብ" ላይ ቆመች። "ውስጥ" ላይ ቆመች። እኔም ቃላቱን ጎን ለጎን ጽፌ አየኋቸው። ሁሉም ሳድስ፣ ማለትም የገበታው ስድስተኛ ድምፅ ናቸው! "ትምህርት" አምስቱም ፊደል ሳድስ ነው። ልጅ ገበታ ላይ ሳድስን ሲጠራ ትንሽ ድምፅ ጨምሮ ነው የሚጠራው፤ ብቻውን መጥራት ስለሚያስቸግር። ቃል ውስጥ ሲገባ ግን ያ ድምፅ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም፣ አጻጻፉም አይነግረንም። ፊደሉን እየነጣጠለ የሚጠራ ልጅ አምስት ቁርጥራጭ ድምፅ ይይዛል እንጂ "ትምህርት"ን አይሰማም።

መልካቸውም ያስቸግራል። ካዕብ በአብዛኛው ጎኑ ላይ ቅጥያ አለው፦ ቡ፣ ሉ፣ ሙ። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት አለው፦ ቤ፣ ሌ፣ ሜ። አንዱን የያዘ ልጅ ሌላውን ይገምታል። ብ፣ ል፣ ም፣ ር፣ ን ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መልክ ነው ያላቸው። የምንናገረው ቋንቋ ደግሞ በሳድስ የተሞላ ነው። ልብስ፣ እግር፣ ጥርስ፣ ክንድ፣ ድንች፣ ምስር፣ ድስት። እነዚህን ቃላት ካርቶን ላይ ጻፍኩና እውነተኛ ድስት ውስጥ ከተትኳቸው። በማማሰያ ይማሰላል፣ አንድ ይወጣል፣ ያወጣው ሰው የተጻፈውን ነገር ሮጦ ይነካል ወይም ያመጣል። ምስር ከሆነ ወደ ጓዳ፣ ጥርስ ከሆነ ወደ አፍ።

እዚህ ጨዋታ ላይ አንድ ነገር ደጋግሜ አልኳት፦ "አንዴ ለየብቻ በያቸው፣ ከዚያ ቶሎ አድርገሽ በያቸው።" አንድ ማታ "ድ፣ ስ፣ ት" አለች። ቶሎ ደገመችው። አሁንም ደገመችው። ከዚያ ዓይኗ በራ፣ "ድስት! እማዬ፣ ድስት ነው!" ብላ ጮኸች። ፊደሎቹን አገጣጥማ ያገኘችው ከአፏ የማይጠፋ ቃል ስለሆነ ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ የሚመረጡት ቃላት ልጁ በየቀኑ የሚሰማቸውና የሚናገራቸው መሆን አለባቸው የምለው። የማያውቀውን ቃል ቢያገጣጥምም ልክ መሆኑን የሚነግረው የለም።

ጨዋታው ከቤት ወጥቶ መንገድ ላይም ተከተለን። ሐዋሳ መሃል ከተማ ላይ ከልጅ ጋር በእግሩ የሚሄድ ሰው በእጁ ነፃ መጽሐፍ አለው። ዳቦ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ መድኃኒት ቤት። ሱቁ ደጃፍ ላይ "ካርድ አለ"፣ "ወተት አለ"፣ "እንጀራ አለ"። አጥሩ ላይ "ክልክል ነው"። ጨዋታችን "ቤት"ን ቀድሞ ያየ ማን ነው የሚል ነበር። "ቤት"ን ማየትና ማንበብ አንድ ሲሆንላት ጉልበቷ ሁሉ ከፊቱ ላለው ቃል ተረፈ። ባጃጅ ስንሳፈር ደግሞ ከፊታችን ያለው ባጃጅ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ጥቅስ እናነባለን። "ተመስገን" ትወደዋለች።

"አለ"ን ግን ከመንገድ ላይ ተምረን ቤት ስንመለስ ሌላ ጉዳይ መጣ። "ወተት አለ" ሲባል "ለ" ይጠብቃል። መጽሐፉ ላይ "ና አለ" ሲል ይላላል። አጻጻፉ አንድ ነው። የሚለየው ዐረፍተ ነገሩ ነው። ከዚያ በኋላ እንዲህ ዓይነቶቹን ቃላት ለብቻቸው ካርድ ላይ አላደርጋቸውም፤ አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገባቸዋለሁ።

ከተማችን ውስጥ ብዙ ማስታወቂያ በሲዳምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። ሲዳምኛው በላቲን ፊደል ነው። የጎረቤታችን ልጅ ትምህርት ቤቱ በሲዳምኛ ስለሚያስተምር እኛ ቤት ሲመጣ እሱም ቃል ያመጣል። የእሱን በሰማያዊ ማርከር፣ የእኛን በቀይ እንጽፋለን። እሱ ያነብላታል፣ እሷም ታነብለታለች። ልጆቹ ይምታታባቸዋል ብላ የፈራች ጎረቤት ነበረች። እኛ ቤት ግን አልተምታታባቸውም፤ ሁለቱ ፊደላት መልካቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ስለ ካርድ ካነሳሁ አንድ ሐሳብ ልናገር። በውጭ አገር ወላጆች ዘንድ የተለመደ ነገር አለ። ደጋግመው የሚመጡ ቃላት ተለቅመው በካርድ ይጻፋሉ፣ ልጁም በመልካቸው ይይዛቸዋል። ይህ ለእንግሊዝኛ ያስኬዳል፤ ብዙ ቃሎቻቸው እንደተጻፉ ስለማይነበቡ። የእኛ ፊደል ግን በአብዛኛው የተጻፈውን ነው የሚያስነብበው። ደግሞም የእኛ ቃል አንድ መልክ ይዞ አይቀመጥም። ልጄ "ቤት"ን አበጥራ ታውቃለች፣ "ከቤታችን" ሲመጣባት ግን አዲስ ቃል ይሆንባታል። ስለዚህ ሙሉ ቃል ማስያዝ ብቻውን ለአማርኛ አይበቃም የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

ለዚህ የሠራነው ጨዋታ እስካሁን ከሁሉም የምወደው ነው። "ቤት" የሚል አንድ ትልቅ ካርድ። በግራው የሚቀጠሉ ትናንሽ ካርዶች፦ በ፣ ከ፣ ለ፣ የ፣ ስለ፣ እንደ። አንዱን ታስጠጋና ታነባለች፦ በቤት፣ ከቤት፣ የቤት። ይህ ቶሎ ገባት። ከኋላ ሲቀጠል ግን የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል፦ ቤቱ፣ ቤቴ፣ ቤቶች፣ ቤታችን። ለዚህ "ት"ን የሚሸፍኑ ትናንሽ ወረቀቶች አዘጋጀሁ፦ ቱ፣ ቴ፣ ቶች፣ ታችን። እሷ ወረቀቱን ስትደርብበት "ት ልብስ ቀየረች" አለች። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ስሙ "ልብስ ቅያሪ" ሆነ። በ"ልጅ" ስንጫወተው ልጁ፣ ልጄ፣ ልጇ ይመጣል፤ ያቺ "ጇ" ገበታው ጥግ ላይ ተረስታ የኖረች ዲቃላ ናት፣ አሁን ሥራ አገኘች። ይህን ጨዋታ ከለመደች በኋላ ረጅም ቃል ስታይ አትደነግጥም። መሃሉ ላይ የምታውቀውን ትፈልጋለች፣ ከዚያ ግራና ቀኙን ታነሳለች።

ዓሣ ማጥመድ የምንለው ጨዋታ ደግሞ የትንሹ ልጄ ነው። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወስጃቸው ዓሣ አጥማጆቹን አይተው ሲመለሱ የተፈጠረ ጨዋታ ነው። ካርዶቹ በዓሣ ቅርፅ ተቆርጠው አግራፍ ይደረግባቸዋል፣ እንጨት ላይ በታሰረ ክር ጫፍ ማግኔት ይንጠለጠላል፣ ሳፋው ሐይቅ ይሆናል። አጭር ቃል የተጻፈበት ቆሮሶ፣ ረጅም ቃል የተጻፈበት አምባዛ የሚባለው ዓሣ ነው። አምባዛ ሁለት ነጥብ አለው። ትንሹ ገና አያነብም፤ የመጀመሪያውን ፊደል ከጠራ ዓሣው የእሱ ነው። ስለዚህ ሁለቱም አንድ ሳፋ ላይ ይጫወታሉ፣ ማንም ከማንም አይወዳደርም። አጥብቄ የያዝኩት ደንብ ይኼ ነው። ትንሹ ትልቋን ሲቀድም ወይም ትልቋ በትንሹ ስትኩራራ የንባብ ፍቅር ይሞታል።

መብራት ሲጠፋ እንቆቅልሽ ነው። መልሶቹ በካርድ ተጽፈው ሻማው አጠገብ ይበተናሉ። "እንቆቅልሽ?" "ምን አውቅልሽ!" "ቤቱን ዞራ ዞራ ጥግ ላይ የምትቀመጥ?" መልሱን ከመናገር ይልቅ ካርዷን ፈልጎ ማንሳት ነው። ያልቻለ አገር ይሰጣል። አገሮቹም ካርድ ላይ ናቸው፦ ዲላ፣ ይርጋለም፣ ሻሸመኔ፣ አዳማ፣ ጎንደር። የሚሰጠውን አገር አንብቦ ነው የሚሰጠው። አባቴ ካሉ ይህ ጨዋታ ማለቂያ የለውም። ሰኞ ማክሰኞም በየሳጥኑ ቃል በጠመኔ ተጽፎ ይጫወቱታል፤ ደስ ይላል፣ ግን ዘሎ ማረፉ ስለሚያስጨንቃቸው ንባቡ ይረሳል። ለለመዱት ቃል እንጂ ለአዲስ አይሆንም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የለየኋቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ጨዋታው ገና ጣፋጭ ሳለ ይቁም፤ "ትንሽ እንጨምር" እያሉ ሲለምኑ ማቆም ለነገ ይጠቅማል። ልጅ ሲሳሳት ቶሎ መልሱን መንገር አያስፈልግም። ትንሽ ዝም ብሎ መጠበቅ፣ ካልሆነ "የመጀመሪያዋ ማን ናት?" ማለት ይበቃል። አዲስ ቃል በቀን ጥቂት፣ የቆየው ግን በየቀኑ ይመለስ። ከጨዋታው በኋላ እኔው ጮክ ብዬ ተረት አነብላቸዋለሁ፤ ይህን በፍጹም አልተውም። ቃላቱ ታሪክ ሲሠሩ የሚሰሙት እዚያ ነው። ስልክ ለዚህ ሥራ ወደ ክፍሉ አይገባም።

አሁን ትልቋ መጽሐፏን ራሷ ታነባለች። ረጅም ዐረፍተ ነገር ላይ ትዘገያለች፣ ግን መጨረሻው ላይ ስትደርስ መጀመሪያውን ታስታውሳለች። ጠዋት ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ትንሽ ወረቀት አስገባለሁ፦ "ምሳሽን ጨርሺ"፣ "ዛሬ አባባ ይመጣሉ"። ሰሞኑን ወረቀቱ በጀርባው ተጽፎበት ይመለስልኝ ጀምሯል። ትንሹን ደግሞ ሀሁ ከመጨረሱ በፊት ከስሙ ፊደሎችና ከ"እኔ" አስጀምሬዋለሁ፣ "ድስቱ" ውስጥም ለእሱ የሚሆኑ ሁለት ቃላት ከወዲሁ ገብተዋል፦ ልብስ እና እግር።