አካፋውን ተዉትና ሙያችሁን ይዛችሁ ኑ

ክረምት ሲገባ መስሪያ ቤታችን እንደ ሁሉም መስሪያ ቤት ችግኝ ሊያስተክለን ይወስደናል። ቲሸርት ይታደላል፣ ባስ ይመጣል፣ ፋይናንሱም አይቲውም ሕግ ክፍሉም ዶማና አካፋ ይዞ ኮረብታ ላይ ይበተናል፣ ከመሃላችን ጉድጓድ አቆፋፈር በትክክል የሚያውቀው ደግሞ ከገጠር የመጣው ጥበቃችን ብቻ ነው፣ እሱ አንዱን መስመር ሲጨርስ እኛ አንዷን ችግኝ ከበን ፎቶ እንነሳለን። ከዛ ምሳ፣ ከዛ ወደ ቤት። በጋ ላይ ያቺ ችግኝ ምን ሆነች ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

ችግኝ መትከል መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም እንዳትሰድቡኝ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፣ ሒሳብ የሚችል ሰው፣ ውል የሚያረቅ ሰው፣ ካርታ የሚሰራ ሰው፣ ለዱር እንስሳና ለመሬት ሲባል ለምንድነው ሙያውን ቢሮ ቆልፎበት የማይችለውን አካፋ ይዞ የሚመጣው? እዚሁ አገራችን አውሬ የተረፈባቸውን፣ የተራቆተ መሬት መልሶ አረንጓዴ የሆነባቸውን ቦታዎች ታሪክ ብታዩ ስራውን ከሰሩት ሰዎች ብዙዎቹ የዱር እንስሳ ባለሙያ የሚባሉ አይደሉም። የከብት ሐኪም አለ፣ ቄስ አለ፣ ሒሳብ ያዥ አለ፣ ድንጋይ የሚክብ ገበሬ አለ።

ከባሌ ልጀምር፣ በጣም የምወደው ታሪክ እሱ ስለሆነ። (ዓመተ ምህረቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ሪፖርቱ ሁሉ በሱ ስለሆነ።) ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለችም፣ ትልልቆቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም፣ ከነሱም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ተራሮች ላይ ናቸው፣ ሳነቴ አምባና ወብ ሸለቆ አካባቢ። ምግቧ ፍልፈልና አይጥ ነው፣ ቆዳዋም እንደ ነብር ገበያ የለውም። ታዲያ ማን ነው የሚጨርሳት? መሬቱ በእርሻና በግጦሽ መጥበቡ አንድ ነገር ሆኖ፣ በአንዴ ጠርጎ የሚወስዳት ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እረኛው ከብቱን ይዞ ደጋ ሲወጣ ውሻውም ይከተለዋል፣ ውሻው አልታሰረም አልተከተበም፣ ቀበሮዎቹ ደግሞ ብቻቸውን ቢያድኑም የሚኖሩት በቤተሰብ ነው፣ ጠዋትና ማታ ይገናኛሉ ይላላሳሉ፣ ስለዚ አንዷ ከታመመች ቤተሰቡ በሙሉ አለቀ ማለት ነው። በ1991 እና 92 እንደዛ ሆነ፣ በ2003 ተመልሶ መጣ፣ በ2008 መጣ፣ በ2014 መጣ። በመሃል ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ አለ፣ እሱም ተራ በተራ እየገባ ፈጅቷቸዋል።

እና እዚህ ጋ የሚያስፈልገው ማን ነው? ያው የከብት ሐኪም ብለን የምንንቀው ሰው ነዋ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቬተርናሪ ሲደርሰው ዘመድ አዝማድ «አይዞህ በኋላ ትቀይረዋለህ» እያለ የሚያጽናናው ልጅ። ከ1995 ጀምሮ እዛ የሚሰራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከዋና ስራዎቹ አንዱ በተራራው ዙሪያ ባሉ መንደሮች እየዞሩ ውሻ መከተብ ነው። አስቡት፣ ቀበሮ ለማዳን የሄደ ሐኪም ብዙውን ቀን የሚውለው የሰው ውሻ አፍ እያሰረ ነው፣ ቀበሮዋን በሩቁ ካያት ጥሩ ቀን ነው። የመንደሩ ሰው ውሻውን ይዞ የሚመጣውም ለቀበሮዋ አዝኖ ብቻ አይደለም፣ በሽታው ልጁንም ላሙንም ስለሚገድልበት ነው። እኔ ይሄን ነገር በጣም ነው የምወድለት፣ ማንም ማንንም ስለ ተፈጥሮ ፍቅር መስበክ አላስፈለገውም።

የበለጠ የሚገርመው ግን በ2003ቱ ወረርሽኝ ጊዜ የሒሳብ ሰዎች የሰሩት ነው። የባሌ ቀበሮዎች የሚኖሩባቸው ቦታዎች በጠባብ ኮሪደር እንደተያያዙ ክፍሎች ናቸው፣ ወብ ያለው በሽታ ወደ ሌላው የሚሻገረው በነዚህ ጠባብ ቦታዎች በኩል ነው። ሁሉንም ይዞ መከተብ የማይታሰብ ነገር ነው፣ አንዷን ለመያዝ ራሱ ስንት ጣጣ አለው። ስለዚ በሽታው እንዴት እንደሚዛመት በኮምፒውተር ሞዴል የሚያሰሉ ሰዎችና መሬት ላይ ያሉ ሐኪሞች ተገናኙና ሁሉን መከተብ አያስፈልግም፣ መተላለፊያው ላይ ያሉት የቀበሮ ቤተሰቦች ከተከተቡ ይበቃል የሚል ነገር ላይ ደረሱ። ወደ 70 የሚጠጉ ቀበሮዎች ተይዘው ተከተቡ፣ በሽታው ወደ ቀሩት እንዳይሄድ ተገታ፣ ውጤቱም በ2006 ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። አስራ ሁለተኛ ክፍል «ይሄ ፕሮባቢሊቲ ምን ያደርግልኛል» ላላችሁ ሁሉ።

ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለቀበሮዎቹ መርፌውን ትተው በአፍ የሚሰጥ ክትባት ጀምረዋል። ክትባቱ የፍየል ሥጋ ውስጥ ይደበቅና ይጣልላታል፣ ስትነክሰው ይፈሳል፣ አለቀ። (በዚህ ኑሮ ውድነት የፍየል ሥጋ፣ ከኛ ትሻላለች።) ይሄንን የሚያደርጉት ደግሞ ፈረስ ላይ ሆነው እያንዳንዱ ቤተሰብ የት እንደሚያድር የሚያውቁ የአካባቢው ልጆች ናቸው። እዛው ተወልዶ ያደገ ሰው የሚያውቀውን ያህል ቦታውን በአንድ መጽሐፍ ተምረህ አታገኘውም።

ደቡብ ጎንደር ሌላ ታሪክ ነው። ከአውሮፕላን ላይ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ መሬቱ በሙሉ የታረሰ ቡናማ፣ መሃል መሃል ላይ አረንጓዴ ክብ ክብ ነጠብጣብ፣ ክቡ መሃል ቤተክርስቲያን። የቀረው የአገሩ ደን እሱ ነው፣ አብዛኛው ጥቂት ሄክታር ብቻ ነው። የደን ሳይንቲስቱ ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ሲያጠናው ዛፎቹ ዘር ይጥላሉ፣ ዘሩ ይበቅላል፣ ግን ከብት ገብቶ ይበላዋል ይረግጠዋል፣ ስለዚ ሽማግሌ ዛፍ ብቻ ያለበት ልጅ የሌለበት ደን እየሆነ ነው፣ ዳሩ ደግሞ በየዓመቱ በእርሻ ይገፋል። የዛፍ አናት ላይ ያለውን ሕይወት የምታጠናው አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን አብራው ሆነችና የጎግል ኧርዝ የሳተላይት ፎቶ ይዘው ለቄሶቹ አሳዩዋቸው፣ ደናችሁ ከላይ ሲታይ ይሄን ያክላል ብለው። ወረቀት ላይ የተጻፈ ጥናት ቢያነቡላቸው እንደዛ የሚገባ አይመስለኝም።

መፍትሄው የድንጋይ ካብ ሆነ። ድንጋዩ የሚለቀመው ከገበሬው ማሳ ላይ ነው፣ ስለዚ ማሳውም ለሞፈር ይጸዳል ደኑም ይታጠራል። ስራውን የጀመረው ሳይንቲስት ነው፣ የካበው ገበሬ ነው፣ ያስከበረው ቄስ ነው። እዛ ቦታ ላይ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ብታቆም ሰው ማታ ማታ ይቆርጣል፣ የታቦት ደን ነው ከተባለ ግን እጁን የሚያነሳ ጥቂት ነው።

ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ ቤተክርስቲያኑም ንጹህ አይደለም። አሮጌው ሲፈርስና ትልቅ ሕንፃ ሲሰራ ስንት የወይራ ስንት የጽድ ዛፍ እንደሚወርድ፣ መቃብሩ በሲሚንቶ እየሰፋ ደኑን እንደሚገፋ፣ ለገቢ ተብሎ ባህር ዛፍ እንደሚገባበት የሚያይ ያያል። እዚህ ጋ አርክቴክቶች የት ናችሁ ማለት እፈልጋለሁ፣ የሰበካ ጉባኤው ፕላን ሲያሰራ ዛፎቹን ካርታ ላይ አስቀምጦ ሕንፃውን በነሱ መሃል የሚያስገባ አንድ በጎ ፈቃደኛ ቢገኝ ስንት ዛፍ ይተርፋል።

መንዝ ጓሳን ሳልነካ ባልፍ የመንዝ ልጆች ይጣሉኛል። ከ3200 ሜትር በላይ ያለ ብርዳም ቦታ ነው፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አለበት፣ የጓሳው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ቀሮ በሚባል የራሱ ሥርዓት አፈሮ የሚባል አለቃ መርጦ መሬቱን ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋው ነበር፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፣ ሳይከፈት የገባ ይቀጣል። በ1975 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ መሬቱም የማንም ሆነ፣ የማንም የሆነ መሬት ምን እንደሚሆን ደግሞ ታውቃላችሁ። በኋላ ላይ እንደገና በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ አቋቋሙት፣ አሁን የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው፣ ሎጅም አላቸው። ሣሩና ሽማግሌዎቹማ ድሮም ነበሩ፣ መሃል ላይ የጠፋው በሕግ ፊት የሚቆም መብት ነበር። ስለዚ የሕግ ሰዎች፣ የመተዳደሪያ ደንብ ማርቀቅ አሰልቺ ነው ብላችሁ አትናቁት።

እሺ የኔ ቢጤዎቹ ሒሳብ ሰራተኞች ጋ ደርሻለሁ። ወላይታ ሁምቦ። ተራራው በ1960ዎቹና 70ዎቹ ተመንጥሮ አልቆ ጎርፍ ወደ ታች የሚለቅ ባዶ ሆኖ ነበር። በ2006 ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ሰው ጋር 2,728 ሄክታር ላይ ስራ ጀመረ፣ አብዛኛውን ቦታ ችግኝ አልተከሉበትም፣ መሬት ውስጥ ጉቶው አልሞተም ነበርና ከሚያቆጠቁጠው ውስጥ ጠንካራውን መርጦ ሌላውን መግረዝ ከከብት መጠበቅ፣ ያ ብቻ። ዘዴውን ኒጀር ላይ ያስፋፋው ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ነው። ይሄ ክፍሉ ብዙ ጊዜ ተወርቷል።

ያልተወራው ሌላው ነው። ሰዎቹ በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጁ፣ ደኑን የመጠቀም መብት በስማቸው ወጣ፣ በ2009 መጨረሻ የካርቦን ፕሮጀክት (ዛፉ ከአየር ስቦ የሚያከማቸው ካርቦን በቶን ተሰልቶ የሚሸጥበት) ሆኖ ተመዘገበ፣ ዓለም ባንክ 165,000 ቶን ሊገዛ ተዋዋለ። አሁን ልብ በሉ፣ ካርቦን የማይታይ የማይጨበጥ ዕቃ ነው፣ የምትሸጠው በወረቀት ነው። ወሰኑ በጂፒኤስ መለካት አለበት፣ ዛፉ በናሙና ቦታዎች ላይ ግንዱ እየተለካ መሰላት አለበት፣ ከውጪ ኦዲተር መጥቶ መመርመር አለበት፣ ገንዘቡ ሲገባ ደግሞ ሰባት ማኅበር ላይ ተከፋፍሎ ማን ምን ወሰደ የሚል መዝገብ መያዝ አለበት። ከገንዘቡ የእህል ወፍጮና ጎተራ ተሰርቷል። ያ መዝገብ ቢበላሽ ምን ይሆን ነበር? ገበሬው ያመረው ቀን መጥረቢያውን ያነሳል፣ ደግሞ ማን ይፈርድበታል። ሰብሳቢው ገንዘቡን በላው የሚል ወሬ ብቻ ያንን ተራራ ሊያስመነጥረው ይችላል። ስለዚ እኔ በበኩሌ አንድ ከመዝገቡ ጋር በደንብ የታረቀ (የተመሳከረ) የባንክ ሒሳብ ብዙ ችግኝ ያድናል ብዬ አምናለሁ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ኦዲት በበጎ ፈቃድ የሚሰራ ባለሙያ ግን ስንት አለ? ለችግኝ ቲሸርት በጀት ይያዛል፣ ለዚህ የሚይዝ መስሪያ ቤት አላጋጠመኝም።

በነገራችን ላይ በ2019 ሰሜን ተራሮች የተቃጠለ ጊዜ የነበረውን ታስታውሳላችሁ፣ የአካባቢው ሰውና ወጣቱ በቅጠልና በአፈር ሲታገል ከርሞ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ዋልያ ሊተርፍ ፓይለት ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ሰው ከዛ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

የመጨረሻው ለሹፌሮች ነው፣ ምክንያቱም ማንም አይጠራቸውም። የጅቡቲ መንገድ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክን መሃል ለመሃል ነው የሚያቋርጠው፣ ማታ ማታ ከመተሐራ እስከ አዋሽ የሚነዳ የከባድ መኪና ሹፌር ለዛ ፓርክ አውሬዎች ከፓርኩ ጠባቂ ከስካውቱ እኩል ወሳኝ ነው። ፍጥነት ቀንሱ፣ አይናቸው በመብራት ሲያበራ ወዲያው አይሸሹም፣ ይደነዝዛሉ፣ ጥሩምባም ሁሌ አይሰራም። ከጎባ ወደ ደሎ መና በሳነቴ የምትወጡ ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ ቀይ ቀበሮ የምታድነው ቀን ነው፣ ስለዚ እዛ ሰፊ ሜዳ ላይ መንገዱ ባዶ ነው ብላችሁ የምትለቁበት ሰዓት እሷም መንገድ የምትሻገርበት ሰዓት ነው።